ከመሬቱ በፊት ከሥሩ ያለውን እንወቅ
በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከቀረበ ንግግር



ለሕፃናት መዋያና ለጋራ ወጥ ቤት የሚሆን ቦታ ስንፈልግ ቆይተን፣ ከአካባቢው ዋጋ በጣም ያነሰ አንድ ቦታ አግኝተናል። ቦታው ቀድሞ ነዳጅ ማደያ ነበር። «ለምን ረከሰ?» ብላ የጠየቀች አባል ካለች ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቃለች። የምሠራው አፈርና የከርሰ ምድር ውሃ በሚመረምር ድርጅት ውስጥ ስለሆነ፣ ኮሚቴው እንዳስረዳ ጠይቆኛል።

ድሮ በየማደያው የተቀበሩት ታንከሮች አብዛኞቹ ከተራ ብረት የተሠሩ ነበሩ። ብረት እርጥብ አፈር ውስጥ ይዝጋል። ቀዳዳው የመርፌ ያህል ከሆነ በቀን የሚያፈሰው ትንሽ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም፤ በዓመታት ሲደመር ግን ብዙ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ እነዚህ ታንከሮች ሕግ አወጣ። ባለንብረቶችም እስከ ታኅሣሥ 1998 ድረስ አሮጌዎቹን እንዲያሻሽሉ፣ እንዲተኩ ወይም እንዲዘጉ ታዘዙ። ከዚያ በፊት የፈሰሰው ግን ከታንከሩ ጋር አብሮ አልወጣም።

የፈሰሰ ቤንዚን ወደ ታች ይሰርጋል። ከፊሉ አፈሩ ውስጥ ይቀራል፣ ከፊሉ ይተናል። ውሃ ጋ ሲደርስ ከውሃ ስለሚቀል ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ በውስጡ ያሉት ኬሚካሎች ግን እየሟሙ ከውሃው ጋር ይጓዛሉ። ዋናው ቤንዜን ይባላል። ስሙ ከቤንዚን ጋር ቢመሳሰልም ነዳጁ ውስጥ ካሉት ብዙ ኬሚካሎች አንዱ ነው፤ የደም ካንሰር ያመጣል። ካሊፎርኒያ በመጠጥ ውሃ ውስጥ የምትፈቅደው ከአንድ ቢሊዮን 1 እጅ ብቻ ነው።

እዚሁ ቅርባችን ሳንታ ሞኒካ የሆነውን እናስታውስ። ኤም.ቲ.ቢ.ኢ. የሚባል ኬሚካል የመኪና ጭስ እንዲቀንስ ተብሎ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር ነበር። ይህ ኬሚካል በውሃ ቶሎ ይሟሟል፣ ሩቅ ይሄዳል፣ በቀላሉም አይበሰብስም። እ.ኤ.አ. በ1996 ከተማዋ የመጠጥ ውሃዋን ግማሽ ያህል የምታገኝባቸውን ጉድጓዶች በዚህ ምክንያት ዘጋች። ውሃው ተጣርቶ እንደገና ለሕዝብ እስኪደርስ ከ10 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ምርመራው የሚጀምረው ከወረቀት ነው። የድሮ ካርታዎች፣ ከአየር የተነሱ ፎቶዎች፣ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ፈቃዶችና የክፍለ ግዛቱ የውሃ ቦርድ መዝገብ ይታያሉ። ጂኦትራከር የሚባለውን የቦርዱን መዝገብ ማንኛችንም በነፃ ከፍተን ማየት እንችላለን። ታንከሮቹ፣ ቧንቧዎቹና መቅጃዎቹ የት የት እንደነበሩ ከታወቀ በኋላ፣ በእነዚያ ቦታዎች እየተቆፈረ ከተለያየ ጥልቀት የአፈር ናሙና ይወሰዳል። ለውሃው ደግሞ ቢያንስ ሦስት መመልከቻ ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ። የውሃውን ከፍታ በሦስት ቦታ ካልለካን ወደ የት እንደሚፈስ፣ ማንን እንደሚነካም አናውቅም።

«እኛ የምንጠጣው የከተማውን የቧንቧ ውሃ ነው፤ ይህ ምን ያገባናል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የሚያገባን በትነቱ በኩል ነው። አፈር ውስጥ የቀረው ነዳጅ ትነቱ በወለል ስንጥቅና በቧንቧ ቀዳዳ በኩል ወደ ቤት ሊገባ ይችላል። እኛ ደግሞ እዚያ ወለል ላይ ሕፃናት ልናስተኛ ነው። ስለዚህ ከወለሉ ሥር ያለው አየር ናሙናም መወሰድ አለበት።

ሻጩ የምርመራው ፋይል መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ አሳይቶናል። ደብዳቤው ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ቦታው ፍጹም ንጹህ ነው ማለት አይደለም። የክፍለ ግዛቱ የ2012 መመሪያ፣ የቀረው ብክለት አደጋው ዝቅተኛ ሆኖ ከተገኘ ጥቂቱ እዚያው እያለ ፋይሉ እንዲዘጋ ይፈቅዳል። ፋይሉ ሲዘጋ ቦታው ለመኪና መሸጫ ታስቦ ከነበረ፣ ለሕፃናት መዋያ ይሆናል ወይ የሚለው እንደገና መጠየቅ አለበት። ከገዛን በኋላ ችግር ቢገኝ ደግሞ ያፈሰሰው ብቻ ሳይሆን የመሬቱ ባለቤትም ሊጠየቅ ይችላል። ያን ጊዜ ባለቤቷ ማኅበራችን ናት።

የኪራዩ ነገር ሁላችንንም እንዳስጨነቀ አውቃለሁ። ቦታውን እንተው አላልኩም፤ በጥሩ ሁኔታ ተጣርተው ዛሬ ሰው የሚኖርባቸው የቀድሞ ማደያዎች አሉ። የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። ውሉ ላይ የምርመራ ጊዜ እንዲሰጠንና ውጤቱ ካላማረን ቀብዳችንን ይዘን እንድንወጣ የሚፈቅድ አንቀጽ ይግባ። የወረቀቱ ምርመራ ጥቂት ሺህ ዶላር ስለሚፈጅ ከቁጠባችን ዛሬውኑ ይመደብ። የቁፋሮው ወጪ ከዚያ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ደጋፊዎቻችን ለሕንፃው ልትሰጡ ካሰባችሁት ላይ ቀድማችሁ ለዚህ እንድታውሉልን እንጠይቃለን።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ድምፅ ስትሰጡ ይህን አስቡበት።