የሕግ ትምህርት ቤት አመልካቾች አማካይ ውጤት እንዴት ይሰላል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንድ ቀያሽ ሌላ ቀያሽ የመዘገበውን የከፍታ ልክ ሲረከብ፣ ቁጥሮቹን ከማመኑ በፊት የሚያነሣው ጥያቄ አለ። ይኸውም «ከፍታው የተለካው ከየትኛው መነሻ ነው?» የሚል ነው። መነሻው ካልታወቀ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ቁጥር ትክክል ነው ወይም ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም። በአሜሪካ ወደ ሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያመለክቱ አያሌ ወጣቶች ግን ይህን ጥያቄ ሳያነሡ፣ ዩኒቨርሲቲያቸው የሰጣቸውን አማካይ ነጥብ ይዘው ይነሣሉ። የሕግ ትምህርት ቤቱ የሚመለከተው አማካይ ሌላ መሆኑን የሚረዱት ዘግይተው ነው።

ይህ የሕግ ሰዎች ጉዳይ እንጂ የመሐንዲሶች አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት ፊት ቀርቦ የፈጠራ ባለቤቶችን ለመወከል በአብዛኛው የሳይንስ ወይም የኢንጂነሪንግ ዕውቀት ማስረጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመሐንዲሶች መካከል ሕግ ለመማር የሚነሡ ሁልጊዜ አሉ። አማካይ ውጤት በሚሰላበት መንገድ ከሚጎዱት መካከልም፣ ወደፊት እንደሚታየው፣ መሐንዲሶች ይገኙበታል።

ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ ወጣት ይታሰብ። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ መጥተው በዋሽንግተን ዲ.ሲ. አካባቢ የተቀመጡ ናቸው፤ አባቱ ታክሲ እየነዱ፣ እናቱ ሆቴል ውስጥ እየሠሩ አሳድገውታል። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኢንጂነሪንግ ጀመረ። ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እየጠበቀ ቀን ይማር ስለነበር፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር በካልኩለስና በፊዚክስ ወደቀ። ሁለቱም እያንዳንዳቸው አራት ክሬዲት ነበራቸው። በማግሥቱ ዓመት ሁለቱን ደግሞ በሁለቱም ኤ አገኘ። ዩኒቨርሲቲው በደንቡ መሠረት የመጀመሪያዎቹን ኤፎች ከስሌቱ አወጣለት። በቀሩት 112 ክሬዲቶች አማካዩ 3.60 ስለነበር፣ በ120 ክሬዲት ሲመረቅ አጠቃላይ አማካዩ 3.63 ሆነ። ለሕግ ትምህርት ቤት ሲያመለክት ግን በተላከው ሪፖርት ላይ የሰፈረው ቁጥር 3.40 ነው። በዚህ ሪፖርት ውስጥ የስሌት ስሕተት የለም።

ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኤል.ኤስ.ኤ.ሲ. የሚባለው የሕግ ትምህርት ቤቶች የመግቢያ ምክር ቤት ነው። ድርጅቱ እ.አ.አ. በ1947 የተቋቋመ ሲሆን፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት በኒውታውን ይገኛል። ኤልሳት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና የሚሰጠውም ይኸው ድርጅት ነው። አመልካቹ ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ የተማረባቸው ኮሌጆች ሁሉ ትራንስክሪፕቱን ለዚህ ድርጅት ይልካሉ። ድርጅቱም ውጤቶቹን በአንድ ዓይነት መለኪያ መንዝሮ ለየሕግ ትምህርት ቤቱ ያስተላልፋል። የሥራው ምክንያት ግልጽ ነው። አንዱ ዩኒቨርሲቲ በሴሚስተር፣ ሌላው በሩብ ዓመት ያስተምራል፤ አንዱ ፕላስና ማይነስ ይሰጣል፣ ሌላው አይሰጥም፤ አንዱ የተደገመን ትምህርት ይሽራል፣ ሌላው ሁለቱንም ይቆጥራል። እነዚህን ሁሉ እንዳሉ ማወዳደር በጫማና በሜትር የተለኩ ርዝመቶችን ሳይመነዝሩ እንደ መደመር ይሆናል።

የምንዛሪው ሠንጠረዥ የሚከተለው ነው። ኤ 4.00፣ ኤ ማይነስ 3.67፣ ቢ ፕላስ 3.33፣ ቢ 3.00፣ ቢ ማይነስ 2.67 እያለ ወደ ታች ይወርድና ኤፍ ዜሮ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን ኤ ፕላስ አለ፤ ዋጋውም 4.33 ነው። በበርካታ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ቢ ፕላስ 3.5 ተብሎ ሲቆጠር የኖረ አንባቢ፣ በዚህ ሠንጠረዥ 3.33 ሆኖ ሲያገኘው ይገረም ይሆናል። ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ማነጋገር የሚገባው የኤ ፕላስ ጉዳይ ነው።

ሁለት ተማሪዎች ይነጻጸሩ። ሁለቱም 120 ክሬዲት ወስደው በሁሉም ከፍተኛውን ውጤት አግኝተዋል እንበል። የአንደኛው ዩኒቨርሲቲ ኤ ፕላስ የሚባል ውጤት ፈጽሞ አይሰጥም። የሁለተኛው ይሰጣል፤ ራሱ ግን እንደ ኤ በ4.00 ብቻ ይቆጥረዋል። ሁለቱም ከየዩኒቨርሲቲያቸው በ4.00 ይመረቃሉ። ሁለተኛው ከ120ው ክሬዲት በ30ው ኤ ፕላስ ካለው፣ የኤል.ኤስ.ኤ.ሲ. ሪፖርት አማካዩን 4.08 ያደርግለታል። የመጀመሪያው ተማሪ 4.00 ላይ ይቀራል። ከዚያ በላይ የሚወጣበት መንገድ የለውም፤ ለምን ቢባል፣ በሥራው ጉድለት ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ሬጅስትራር የመደመር ምልክት የማያትም በመሆኑ ነው። መለኪያን አንድ ለማድረግ የተሠራ ሠንጠረዥ እንዲህ ያለውን ልዩነት ራሱ መፍጠሩ ከባድ ጉድለት ነው። ጣሪያው ለሁሉም 4.00 ቢሆን ኖሮ የሚጠፋ መረጃ ይኖራል ተብሎ ሊከራከሩበት ይቻላል። ቢሆንም ከፊሎቹ አመልካቾች ሊደርሱበት የማይችሉበት ጣሪያ ለመለኪያነት አይበጅም።

ወደ ወጣቱ እንመለስ። የኤል.ኤስ.ኤ.ሲ. ደንብ የተደገመ ትምህርትን አይሽርም። ውጤቱና ክሬዲቱ በትራንስክሪፕቱ ላይ እስከታዩ ድረስ፣ ትምህርት ቤቱ ቢሽራቸውም፣ የመጀመሪያውም የሁለተኛውም ሙከራ ይቆጠራሉ። ስሌቱም እንዲህ ነው፦ በ112 ክሬዲት 3.60 ሲባዛ 403.2 ነጥብ ይሆናል፤ በተደገሙት ስምንት ክሬዲቶች የተገኘው ኤ 32 ነጥብ ይጨምራል፤ ድምሩ 435.2 ነው። ዩኒቨርሲቲው ይህን ለ120 ሲያካፍል 3.63 ያገኛል። ኤል.ኤስ.ኤ.ሲ. የወደቀባቸውን ስምንት ክሬዲቶች በአካፋዩ ላይ ጨምሮ ለ128 ሲያካፍለው 3.40 ይሆናል። በሁለቱ ስሌቶች ላይ ያለው ነጥብ አንድ ነው፤ የተለየው አካፋዩ ብቻ ነው።

ደንቡን ያለምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ትምህርት መድገም በማይፈቅድ ኮሌጅ የተማረው ሰው የመጀመሪያ ውጤቱን ተሸክሞ ሲቀር፣ በሚፈቅደው የተማረው ቢሻርለት ሚዛኑ ይጎድላል። እስከዚህ ድረስ ስሌቱ ፍትሐዊ ነው። የሚያሳዝነው ሌላው ወገን ነው። ዩኒቨርሲቲው ለተማሪው «ደግመህ ብታልፍ የመጀመሪያው ይሻርልሃል» ሲለው የተስፋው ቃል ከራሱ አጥር ውጭ እንደማይሠራ አልነገረውም። በመጀመሪያው ዓመት ሌሊት የሚሠራ፣ በቤተሰቡም ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው የሆነ ልጅ ይህን ከማን ይሰማል?

ስለ ክሬዲት ምንዛሪ ለመሐንዲሶች ብዙ መናገር አያስፈልግም። አንድ የሩብ ዓመት ክሬዲት የሴሚስተር ክሬዲት ሁለት ሦስተኛ ነው። በአንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ 45 የሩብ ዓመት ክሬዲት በ3.20፣ ከዚያም በዩኒቨርሲቲ 90 የሴሚስተር ክሬዲት በ3.80 ያጠናቀቀ ተማሪ፣ ሁለቱን አማካዮች ደምሮ ለሁለት ቢያካፍል 3.50 ያገኛል። ሳይመነዝር በክሬዲት ቢመዝን 3.60 ይሆንለታል። ትክክለኛው መንገድ 45ቱን ወደ 30 መንዝሮ መመዘን ነው፤ ውጤቱም 3.65 ነው። አንድ ሰው ስለራሱ ሦስት አማካይ ይዞ ሊዞር ይችላል ማለት ነው።

ወደ ስሌቱ የማይገቡትም አሉ። «አለፈ» ተብሎ ብቻ የተመዘገበ ትምህርት አይገባም። እ.አ.አ. በ2020 ጸደይ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ወደዚህ ዓይነቱ አመዘጋገብ በተዛወሩ ጊዜ፣ የዚያ ወቅት ብርታትም ስንፍናም ከአማካዩ ውጭ ሆኗል። ተማሪው ያቋረጠው ትምህርት፣ የራሱ ትምህርት ቤት እንደ ውድቀት ካልቆጠረው በስተቀር፣ አይታሰብም። የማስተርስና የዶክተሬት ውጤት አይታሰብም። ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ የተወሰደ ማናቸውም ትምህርትም አይታሰብም። በሌላ አነጋገር ቁጥሩ በምረቃው ቀን ይቆለፋል። ያ ወጣት ከተመረቀ በኋላ አሥር ዓመት ድልድይ ሲሠራ ቢቆይ፣ በማስተርስም 4.00 ቢያመጣ፣ 3.40 ያው 3.40 ነው።

በተቃራኒው ሳይታወቅ የሚገባ አለ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ የኮሌጅ ትምህርት የሚወስዱ ልጆች ውጤታቸው በኮሌጅ ትራንስክሪፕት ላይ ከሰፈረ ከመጀመሪያው ዲግሪ በፊት የተወሰደ የኮሌጅ ትምህርት ነውና ይቆጠራል። ልጆቻቸው ጊዜና ገንዘብ እንዲቆጥቡ በዚህ ፕሮግራም የሚያስመዘግቡ ወላጆች፣ በአሥራ ስድስት ዓመት የተገኘ ሲ ከስድስት ዓመት በኋላ በሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ እንደሚጠብቅ ቢያውቁ መልካም ነው። ፕሮግራሙ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን እንደ ልምምድ መታየት የለበትም።

ለሁለተኛዋ ዴሲማል ይህን ያህል መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ያለው በሚዲያን ላይ ነው። በአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር ዕውቅና የተሰጣቸው የሕግ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ የገቢ ተማሪዎቻቸውን የኤልሳትና የአማካይ ውጤት ሚዲያን፣ እንዲሁም 25ኛውንና 75ኛውን ፐርሰንታይል ለሕዝብ እንዲገልጹ ይገደዳሉ። ዩ.ኤስ. ኒውስ የተባለው ደረጃ አውጪም ይህንኑ ሚዲያን ከመመዘኛዎቹ አንዱ አድርጎታል። እ.አ.አ. በኅዳር 2022 የየልና የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤቶች ለዚህ የደረጃ ምደባ መረጃ መስጠት እንደሚያቆሙ ማስታወቃቸው ይታወሳል፤ ምደባው ግን በይፋ ከሚገኙ መረጃዎች መዘጋጀቱን ቀጠለ።

ሚዲያን ማለት፣ 201 ተማሪዎች በውጤት ቅደም ተከተል ቢሰለፉ፣ የ101ኛው ቁጥር ነው። ከእርሱ በታች ያለው ሰው ምን ያህል ዝቅ ይበል ለሚዲያኑ ልዩነት የለውም። ሚዲያኑ 3.60 በሆነ ትምህርት ቤት 3.40 እና 2.90 አንድ ናቸው፤ 3.59 እና 3.61 ግን በሁለት ወገን ይቆማሉ። የወጣቱ ሁለት ኤፎች በቁጥር ያወረዱት 0.23 ብቻ ቢሆንም፣ ከላይኛው ወገን አውጥተው ወደ ታችኛው አሻግረውታል። አንድ መሐንዲስ እንዲህ ያለውን መለኪያ ለብረት ጥንካሬ ቢጠቀምበት ኃላፊነቱን መወጣቱ ያጠራጥራል። ሆኖም ከዚሁ ጠባይ የተነሣ ዝቅ ያለ አማካይ ያለው ሰው ከፍ ባለ የኤልሳት ውጤት ሊካስ ይችላል። የኤልሳት ሚዲያን ለብቻው የሚቆጠር ስለሆነ፣ በአንዱ የታችኛው ወገን የሆነው በሌላው የላይኛውን ሊደግፍ ይችላል።

ስሌቱ የትምህርት ዓይነትን አይለይም። በቴርሞዳይናሚክስ የተገኘ ቢ እና በቀላል የምርጫ ትምህርት የተገኘ ቢ እኩል 3.00 ናቸው። ኤል.ኤስ.ኤ.ሲ. የትምህርቱን ክብደት ለመገመት አለመሞከሩ የሚያስነቅፈው አይደለም፤ እንዲህ ያለው ግምት ማለቂያ የሌለው ጭቅጭቅ ያስከትላል። በምትኩ በሪፖርቱ ላይ አመልካቹ ከዚያው ኮሌጅ ካመለከቱት ሌሎች ጋር ሲነጻጸር የት እንደሚገኝ ይገለጻል። ነገር ግን ንጽጽሩ ከኮሌጁ አመልካቾች ጋር እንጂ ከኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ጋር ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ፖለቲካ ሳይንስና ታሪክ ካጠኑት ጋር ይሰለፋል።

በመጨረሻም በኢትዮጵያ ተምረው የመጡት አሉ። ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ የተገኘ ዲግሪ በዚህ መለኪያ ወደ ቁጥር አይመነዘርም። ትራንስክሪፕቱ ተመርምሮ የላቀ፣ ከአማካይ በላይ፣ አማካይ ወይም ከአማካይ በታች የሚል ቃል ይሰጠዋል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ3.9 የተመረቀ መሐንዲስ 3.9 የሚባል ቁጥር በሪፖርቱ ዋና አማካይ ላይ አያገኝም፤ በሚዲያኑም ውስጥ አይቆጠርም። በዚህም ምክንያት ትምህርት ቤቱን በአማካይ ውጤት አይጠቅመውም፣ አይጎዳውምም፤ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኤልሳት ይዞራል። በእንግሊዝኛ አንቀጽ ላይ በደቂቃዎች ተሽቀዳድሞ ማሰብን የሚጠይቅ ፈተና፣ ቋንቋውን በትምህርት ቤት ለለመደ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም።

ያ ወጣት ሊያደርግ የሚችለው ጥቂት ቢሆንም ምንም የለም ማለት አይደለም። የሕግ ትምህርት ቤቶች ከማመልከቻው ጋር አጭር የማብራሪያ ደብዳቤ ይቀበላሉ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ፣ የሥራ ሰዓቱን፣ የወደቀበትን ሴሚስተርና የደገመበትን ውጤት ያለ ምሬት ቢዘረዝር ይበቃል። ትራንስክሪፕቱ ራሱ አብሮ ስለሚላክ፣ ቁጥሩን የሚያነበው ሰው ሁለቱን ኤፎችና ሁለቱን ኤዎች በዓይኑ ያያል። ከዚያ በፊት ግን አመልካቹ አማካዩን በራሱ እጅ አስልቶ ሪፖርቱ ሲደርሰው ማመሳከር አለበት። የሩብ ዓመት ክሬዲት ሳይመነዘር ቀርቶ ወይም አንድ ትምህርት ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ቢያገኝ ለድርጅቱ ጽፎ ማስታወቅ ይችላል። አንድ ክረምት ብቻ የተማረበትን ኮሌጅ የረሳ አመልካች ሪፖርቱ ሳይጠናቀቅ እንዳይቆይበት፣ ትራንስክሪፕቶቹን ሁሉ ከማመልከቻው ወራት አስቀድሞ ማዘዝ ይኖርበታል።