ፎቶግራፍን ከመጽሐፍ መማር
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



የፎቶግራፍ ሙያ በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን የተላለፈው ከእጅ ወደ እጅ ነው። ተማሪው በመምህሩ ስቱዲዮ ውስጥ መብራት እያቆመ፣ ወለል እየጠረገ፣ ቀስ በቀስም ወደ ጨለማው ክፍል እየገባ ፊልም ማጠብንና ማተምን ይለምድ ነበር። የዲጂታል ካሜራ መምጣት ይህን ሥርዓት አላላው። ጨለማው ክፍል ሲዘጋ፣ ከመምህር ጎን ለረጅም ጊዜ የመቆም ምክንያትም አብሮ ቀረ። በመሆኑም ዛሬ ካሜራ የገዛ ወጣት ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው፤ መምህሩም መጽሐፍ ነው። እንግዲህ የሚነሣው ጥያቄ፣ መጽሐፍ ይህን ሙያ ሊያስተምር ይችላልን? የሚችል ከሆነስ ተማሪው ከገጹ ምኑን መቀበል፣ ምኑንስ መመርመር ይገባዋል? የሚል ይሆናል።

መጽሐፍ ማስተማር መቻሉን የአሜሪካዊው የአንሰል አዳምስ ሥራ ያስረዳል። አዳምስ ከፍሬድ አርቸር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ ብርሃንን ከፍጹም ጥቁር እስከ ፍጹም ነጭ በደረጃ የሚከፋፍለውን «የዞን ሥርዓት» ቀመረ። ትምህርቱንም ስለ ካሜራ፣ ስለ ኔጌቲቭና ስለ ኅትመት በ1980፣ በ1981 እና በ1983 በወጡት ሦስት መጻሕፍት አደላድሎ አስቀመጠው። አዳምስን በዓይኑ ሳያይ ከእነዚህ ገጾች ሙያውን የቀሰመ ፎቶግራፍ አንሺ በየአገሩ ይገኛል። የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን በ1975 የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 10,000 ነጥቦች ብቻ ያሉትን አንድ ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ያ መሣሪያ እዚህ ደረጃ ከደረሰ በኋላም የአዳምስ መጻሕፍት ከመደርደሪያ አልወረዱም፤ የብርሃን ሕግ ከፊልሙ ጋር አላረጀምና።

ከድሮው ትምህርት ያልተለወጠው ብዙ ነው። የሌንሱን ቀዳዳ ከኤፍ 8 ወደ ኤፍ 5.6 መክፈት የሚገባውን ብርሃን እጥፍ ያደርገዋል፤ የመዝጊያውን ፍጥነት ከ1/125 ወደ 1/60 ሰከንድ ማዘግየትም እንዲሁ። የተለወጠው ግን መሠረታዊ ነው። የኔጌቲቭ ፊልም ብርሃን ቢበዛበት ይታገሣል፤ ጥላው በቂ ብርሃን ካላገኘ ግን የጠፋው አይመለስም። ስለዚህ የቀድሞው ምክር «ለጥላው ለካ» የሚል ነበር። በዲጂታል ሴንሰር ይህ ተገላቢጦሽ ነው። ከጥላ ውስጥ ዝርዝርን ማውጣት ይቻላል፤ ዋጋውም የምስሉ መሻከር ነው። ከልክ በላይ ነጥቶ የተቃጠለው ስፍራ ግን ባዶ ወረቀት ነው። በተጨማሪም የጄፔግ ፋይል ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃዎች ብቻ ሲይዝ፣ ባለ 14 ቢት የሮው ፋይል 16,384 ይይዛል። የማስተማሪያ መጻሕፍት ሂስቶግራሙን እያዩ የቀኙን ጠርዝ መጠበቅንና በሮው ማንሣትን አጥብቀው የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው።

እስከዚህ ድረስ ተማሪው መጽሐፉን ሊያምን ይገባዋል። ከዚህ በኋላ ግን ገጹን «ይህ ምክር የተለካው በማን ፊትና በየትኛው ፀሐይ ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

የካሜራው ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል፤ በልማድ ይህ ግራጫ ከሚወድቅበት ብርሃን 18 ከመቶ የሚመልስ ነው ይባላል። ስለዚህ መጻሕፍቱ ስለ በረዶ ሲያስተምሩ፣ መለኪያው በነጩ ተታልሎ ምስሉን ስለሚያጠቁረው ከአንድ እስከ ሁለት እርከን ብርሃን ጨምሩ ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ይህን ምዕራፍ የሚያነብ ወጣት በረዶ የለብኝም ብሎ ቢያልፈው ከሁሉ የሚፈልገውን ትምህርት አለፈው ማለት ነው። ነጠላው በረዶው ነው። በሠርግ ወይም በጥምቀት ቀን ነጭ የለበሱ ሰዎች ክፈፉን ሲሞሉት መለኪያው ነጠላውን ግራጫ፣ የሰዎቹን ፊት ደግሞ ጥላ ያደርገዋል። የሙሽራዋ እናት ፎቶግራፉን ተቀብላ የምትፈልገው ግን የጥበቡን ጥለት ሳይሆን የልጇን ፊት ነው።

የፊቱም ነገር እንዲሁ ነው። በአዳምስ መጽሐፍ መደበኛው የነጭ ሰው ቆዳ በ6ኛው ዞን፣ ጠቆር ያለው ቆዳ በ5ኛው ዞን ተመድቧል። ኮዳክም ለብዙ ዓመታት የቀለም ማስተካከያ አድርጎ ለማተሚያ ቤቶች ይልክ የነበረው ካርድ የነጭ ሴት ምስል ያለበት ነበር። እንግዲህ ፊትን ነጥሎ በመለካት ላይ «አንድ እርከን ጨምር» የሚለውን ምክር ለጠይም ፊት እንዳለ የተቀበለ ሰው መልኩን ያገረጣዋል። ጠይሙ ፊት ብዙውን ጊዜ መለኪያው እንዳለው፣ በጣም ጥቁሩ ደግሞ ከዚያ አንድ እርከን ያህል ቀንሶ ነው መልኩን የሚያገኘው። ፊቱና ነጠላው በአንድ ዓይነት ብርሃን ውስጥ ከሆኑ ልዩነታቸው ሁለት እርከን ያህል ስለሆነ ሴንሰሩ ሁለቱንም ይይዛቸዋል። በቀትር ግን ነጠላው ፀሐይ፣ ከሥሩ ያለው ፊት ጥላ ያገኛቸዋል፤ ልዩነቱም ከመጠን ያልፋል። ያን ጊዜ መፍትሔው ከቁጥር አይገኝም። ሰውየውን ወደ ጥላ ማዞር፣ ከፊቱ ነጭ ካርቶን መዘርጋት ወይም በለዘብታ ፍላሽ ማገዝ ያስፈልጋል።

ስለ ፀሐይም ቢሆን፣ መጻሕፍቱ የሚያሞግሱት ወርቃማው የማታ ብርሃን በሰሜን አገሮች በጋ ረጅም ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። የመጨረሻዋን 6 ዲግሪ ለመጨረስ ወደ 25 ደቂቃ ይበቃታል፤ በሰኔ ለንደን ላይ ይህ እጥፍ ያህል ይፈጃል። በመጽሐፉ ሰዓት የተመካ ፎቶግራፍ አንሺ ሙሽሮቹን ሲያሰልፍ ይመሽበታል።

ከመጽሐፍ የመማር ትክክለኛ መንገድ እንግዲህ ግልጽ ነው። በአንድ ሌንስ፣ በሳምንት አንድ ምዕራፍ፣ ምሳሌውን በራስ ሰፈር ደግሞ መሥራት ነው። የቀድሞ ተማሪ ቀዳዳውንና ፍጥነቱን በደብተር ይጽፍ ነበር፤ የዛሬው ፋይል ይህን ሁሉ በውስጡ ይመዘግባል፤ የቀረው ተመልሶ ማንበብ ብቻ ነው። ሺህ ጊዜ አንሥቶ አንዱንም ያልመረመረ ሰው ሺህ ጊዜ ተለማመደ አይባልም።

መጽሐፍ የማይሰጠው ነገርም አለ። አንድን አዛውንት «ይፍቀዱልኝ አባቴ» ብሎ ማስቀመጥን፣ ያዘነን ሰው ካሜራ ዝቅ አድርጎ ማክበርን ወጣቱ የሚማረው ከሰው ነው። ነባር ባለሙያዎች በዚህ ረገድ ዛሬም ተተኪ የላቸውም።

የማኅበሩ ተግባር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ነጠላን፣ ጠይም ፊትን፣ በሻማ የሚበራ መቅደስንና የቀትርን ፀሐይ በምሳሌነት የሚያቀርብ፣ የሙያውንም ቃላት በአማርኛ የሚያጸና መማሪያ መጽሐፍ ሊያዘጋጁ የሚችሉት አባላቱ ናቸው። ምሳሌ የሚሆኑት ሥዕሎች በየስቱዲዮው አሉ፤ ዕውቀቱም በየአንጋፋው እጅ አለ። ያ እጅ ሳይደክም ወደ ወረቀት ሊገለበጥ ይገባል።