ባሕረ ሐሳብ በቤታችን ኮምፒዩተር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





የተሰጠን ርእስ «ከትምህርት ሰዓት ውጭ በምን ትደሰታላችሁ?» የሚል ነው። ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ሥዕልና ስለ ሙዚቃ ደኅና አድርገው አስረድተዋል። እኔ የምወዳቸው ነገሮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው እምነቴ ነው፤ ሁለተኛው በቤታችን ያለው ኮምፒዩተር ነው። ብዙ ሰዎች እነዚህ ሁለቱ ከቶ የማይገናኙ ይመስላቸዋል፤ አንዱ የአያቶች፣ ሌላው የልጆች ነው ይላሉ። እኔ ግን ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደተገናኙ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

አስቀድሜ ስለ ኮምፒዩተሩ ጥቂት ልበል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1946 በአሜሪካ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር ሠላሳ ቶን ያህል ይመዝን ስለ ነበር ሰፊ አዳራሽ እንጂ የሰው ቤት አይችለውም ነበር። በ1977 ግን አፕል 2፣ ኮሞዶር ፔትና ቲ.አር.ኤስ. 80 የተባሉት ተሠርተው ስለተሸጡ ኮምፒዩተር ከሰው ቤት ጠረጴዛ ላይ ለመቀመጥ በቃ። የእኛም ፊደል ተራውን ጠብቆ ገባ። ቀድሞ እያንዳንዱ ባለሙያ በየራሱ መንገድ ፊደሉን ያዘጋጅ ስለ ነበር፣ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈው አማርኛ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን የታወቀ ቦታ ስለ ሰጠው ይህ ችግር እየቀለለ ሄደ።

የእኛ ቤት ኮምፒዩተር አገልግሎ የተገዛ ላፕቶፕ ነው። ባትሪው ስላለቀ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። አራት ልጆች በተራ ስለምንጠቀምበት የእኔ ድርሻ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በዚያች አንድ ሰዓት ያለ ገንዘብ በሚገኘው ፓይቶን በሚባለው ቋንቋ ፕሮግራም መጻፍ እለማመዳለሁ። ምን ልጻፍ እያልሁ ሳስብ ትዝ ያለኝ አያቴ የሚያውቁት ባሕረ ሐሳብ ነው።

ባሕረ ሐሳብ አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበት ቀን የሚታወቅበት የቤተ ክርስቲያናችን ቁጥር ነው። ትውፊቱ የእስክንድርያ 12ኛ ፓትርያርክ ከነበረው ከድሜጥሮስ እንደመጣ ይነግረናል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በዚሁ ስም ሰፊ መጽሐፍ ጽፈውልናል። አያቴ ግን መጽሐፍ ሳይገልጡ፣ እርሳስም ሳይዙ፣ የጣታቸውን አንጓ እየቆጠሩ ያወጡታል። አባቴና አጎቶቼ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው በየሥራቸው ስለ ተበተኑ ከአያቴ ልጆች ይህን የተማረ አንድም የለም። ስለዚህ አያቴ ሲያልፉ ከቤታችን ዕውቀቱም አብሮ ሊያልፍ ነበር ማለት ነው።

እንዲያስተምሩኝ በጠየቅኋቸው ጊዜ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ለአንተ ነው ወይስ ለመኪናው ነው የማስተምረው?» እኔም «አባባ፣ እኔ ሳላውቀው ለእርሱ ልነግረው አልችልምና መጀመሪያ ለእኔ ነው» ብዬ መለስሁላቸው። በዚህ ተስማማንና ጀመርን።

እስቲ የ2018 ዓ.ም.ን እንቁጠር። በ2018 ላይ 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። ይህን ለ19 ስናካፍል የሚተርፈው 13 መደብ ይባላል። ከመደቡ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ 132 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ነው። እንደገና 12 በ19 ተባዝቶ 228 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣቱ ቁጥሩ ትክክል ለመሆኑ ምስክር ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፤ ካነሰ በጥቅምት። ስለዚህ መስከረም 18 ቀን ሆነ። ዕለቱ እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ ደግሞ 7 ነው። 18ና 7 ሲደመሩ መባጃ ሐመር 25 ስለሚሆን ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ይገባል። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ሆነ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህን ለኮምፒዩተር መንገር ቀላል ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን ኮምፒዩተር የተነገረውን ይፈጽማል እንጂ ያልተነገረውን አይገምትም። ለምሳሌ የ2025 ዓ.ም.ን ተመልከቱ። መደቡ 1 ስለሆነ ወንበሩ ባዶ ነው፤ አበቅቴውም ባዶ ይሆናል። ታዲያ መጥቅዑ ስንት ነው? በማባዛት ብቻ ከሄድን ባዶ ነው፤ «መስከረም ባዶ» የሚባል ቀን ግን የለም። አያቴ እንዲህ ያለ ዓመት ሲመጣ መጥቅዑ 30 ተብሎ እንደሚያዝ ነገሩኝ። መስከረም 30 እሑድ ስለሚውል 7 ሲጨመር 37 ይሆናል፤ ሠላሳው ይገደፍና 7 ይቀራል። ድምሩ ከ30 ካለፈ ነነዌ ከጥር ወደ የካቲት ስለሚሻገር የካቲት 7 ቀን ይሆናል፤ ትንሣኤውም ሚያዝያ 16 ቀን ነው። እነዚህን ሁለት ልዩ ሕጎች ለኮምፒዩተሩ ያልነገረ ሰው በብዙ ዓመት ትክክለኛ መልስ፣ በአንዳንድ ዓመት ግን የተሳሳተ መልስ ያገኛል፤ የቱ ትክክል፣ የቱ ስሕተት እንደሆነም አይለይም።

ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ አያቴ ፈተና ሰጡት። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 አይወርድም፤ ከሚያዝያ 30ም አይወጣም። በመካከሉ ያለው 35 ቀን ብቻ ነው። ቁጥሩም 28 በ19 ተባዝቶ በሚመጣው በ532 ዓመት ዙሩን ጨርሶ እንደገና ይጀምራል። እኔም 532ቱን ዓመታት አስቆጠርሁት። ሥራው ከአንድ የቡና ስኒ መጠጫ ጊዜ ያነሰ ፈጀበት። ከእሑድ የወጣ፣ ከወሰንም ያለፈ አንድ ትንሣኤ አልተገኘም። አያቴም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ይህስ ጥሩ ደቀ መዝሙር ነው፤ ነገር ግን ቢሳሳት የሚያርመው ሰው እንዳይጠፋ» አሉ።

ይህ የአያቴ ቃል የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ ነው። ዛሬ ለጠየቋቸው ሁሉ መልስ የሚሰጡ ፕሮግራሞች በየስልኩ አሉ። «ፋሲካ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ለማንም አያስቸግርም፤ «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ተብሎም ተተርቷል። ነገር ግን ተረቱ የተነገረው ጠይቆ ለሚረዳ ሰው እንጂ መልሱን ተቀብሎ ለሚሮጥ አይመስለኝም። ሁላችን መልስ ተቀባዮች ብቻ ከሆንን የመልሱን እውነትነት የሚመሰክር ማን ይቀራል?

ሌላም ያገኘሁት ጥቅም አለ። አንድ ሙስሊም የክፍል ጓደኛዬ ሥራዬን አይቶ «ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ የሚመጣው በስንት ቀን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። አብረን ስንቆጥር 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ያህል ሆኑ፤ ከ365 ሲቀነስ የሚተርፈው 11 ነው። ረመዳንን በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል የሚያስቀድመው ይኸው ልዩነት ነው፤ በእኛም ባሕረ ሐሳብ ወንበር የሚባዛበት 11 ይኸው ነው። የረመዳን መግቢያ ጨረቃ በመታየቷ ስለሚረጋገጥ ቁጥሩ ለግምት ብቻ እንደሚያገለግል ጓደኛዬ አስረዳኝ። ሁለታችን በየእምነታችን ጸንተን አንዲቷን ጨረቃ አብረን ቆጠርናት።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተማርሁትን በሦስት ነገር አጠቃልላለሁ።

አንደኛ፣ እምነትና ቁጥር አይጣሉም። ኮምፒዩተሩ የትንሣኤን ቀን ሊነግረኝ ይችላል፤ ስለ እኔ ሊጾምልኝ ወይም ሊያምንልኝ ግን አይችልም። የእርሱ ድርሻ ሌላ ነው፤ የእኔም ሌላ ነው።

ሁለተኛ፣ ኮምፒዩተርን ለጨዋታ ብቻ የሚያውለው ሰው ገበሬ ሆኖ በሬውን ለመቀመጫ እንደገዛ ይቆጠራል። ጨዋታ አይከልከል፤ ነገር ግን ከቀኑ አንዲት ሰዓት ለመሥራት ትለይ።

ሦስተኛ፣ በየቤታችን ያሉት አረጋውያን ያልተገለጡ መጻሕፍት ናቸው። አንዳንዱ ስለ መድኃኒት ቅጠል፣ አንዳንዱ ስለ ዘር መዝሪያ ጊዜ፣ አንዳንዱ ስለ ሽመና የሚያውቀው አለው። እኛ ደግሞ በፊደላችን የሚጽፍ መሣሪያ ይዘናል። ይህ ሁሉ እያለን ሳንጠይቃቸው ቢያልፉ ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም።

ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ፣ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ከአያቶቻችሁ ወይም ከጎረቤት ሽማግሌ አንድ ነገር ጠይቃችሁ በገዛ ፊደላችን እንድትጽፉ በትሕትና አሳስባችኋለሁ። ኮምፒዩተር የሌለው በደብተር ይጻፍ፤ ዋናው መጻፉ ነው።

እግዚአብሔር መምህራኖቻችንን ይጠብቅልን፤ ለትምህርት ቤታችንም ረጅም ዕድሜ ይስጥልን።