የሰውነት ዘቦች ሚዛንና የማቀዝቀዣው ጉዳይ



መሐንዲስን ከብልት ኪንታሮት ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ነገሩ የሚዛን ነገር ነው። የበሽታው መንስኤ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ሲሆን፣ በአብዛኛው 6ኛውና 11ኛው ዓይነት ነው። ከነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ሲዲ4 የሚባሉት ረዳቶች መከላከሉን ያስተባብራሉ፤ ሲዲ8 የሚባሉት የተበከለውን ሕዋስ ይገድላሉ። ኤች አይ ቪ ረዳቶቹን ሲያመናምን ሚዛኑ ይዛባል፤ ኪንታሮቱም ይበረክታል፣ ቢወገድም ይመለሳል።

በ2011 ዓ.ም. በሀገራችን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት የታሰበው ለማኅፀን በር ካንሰር ቢሆንም፣ እነዚህንም ሁለት ዓይነቶች ይመክታል። ታዲያ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ከሠራ ኃይሉ ይጠፋል። ስለሆነም ለደብረ ታቦርም ሆነ ለእብናት ጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ ስንመርጥ፣ መብራት ሲጠፋ እንዳይሞቅ ብቻ ሳይሆን፣ በደጋው ሌሊት በረዶ እንዳይሠራም ማስላት የእኛ ሥራ ነው።