ጻድቅ ሰው በግቢው ውስጥ

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)

የዛሬው ርዕስ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኛል፤ “ፓስተር ዛሬ ምን ነካው?” ትሉ ይሆናል። የምንነጋገረው ስለ ውሻ ነው። እስቲ ታገሡኝ፤ መድረሻችን ልባችን ነው።

መጀመሪያ ግን የራሴን ኃጢአት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግቢያችንን የምትጠብቅ አንዲት ውሻ ነበረችን። ስድስት ቡችላ ወለደች፤ ሁለት ወንድ፣ አራት ሴት። ወንዱን ጎረቤት ይሻማበታል፤ ሴቷን ግን “ትወልድብኛለች” ብሎ የሚወስዳት የለም። እኔም ዘበኛችንን ጠርቼ፣ “ሴቶቹን በማዳበሪያ አድርገው ወንዝ ዳር ይጣሉልኝ” አልኳቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ በአክብሮት ነው ያዘዝኳቸው፤ አያችሁ? በልቤም፣ “ኋላ ተርበው ወይም በመኪና ተገጭተው ከሚሞቱ አሁን ቢያርፉ ይሻላል” አልኩ። ይህን ርኅራኄ ብዬ ጠራሁት። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ የእሑዱን ስብከት መዘጋጀት ጀመርኩ።

ትንሿ ልጄ እያለቀሰች ገባች። “አባዬ፣ ሴቶቹን ማን ነው የፈጠራቸው?” አለችኝ። መልሱን ታውቀዋለች፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ናት። እኔም አውቀዋለሁ። ግን መመለስ አቃተኝ።

ከዘበኛው ጋር ወደ ወንዙ ወረድን። ማዳበሪያውን ስንፈታው ሁለቱ ሞተዋል፤ ሁለቱ ገና ይተነፍሳሉ። ዘበኛው አንገታቸውን ደፍተው፣ “ፓስተር፣ እኔም ልቤ አልወደደውም ነበር። እርስዎ ስላዘዙኝ ነው” አሉኝ። ወገኖቼ፣ ይህ ቃል እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በራሴ እጅ ለመሥራት የማልደፍረውን ነገር በድሃ ሰው እጅ አስደረግሁት።

መጽሐፈ ምሳሌ 12፥10ን ስንት ጊዜ አንብበነዋል? ጻድቅን ከምናውቅበት ነገር አንዱ ለእንስሳው የሚያሳየው ርኅራኄ እንደ ሆነ ይነግረናል። ጥቅሱ ግን በዚያ አያበቃም፤ የክፉ ሰው ምሕረት እንኳ ጭካኔ እንደ ሆነ ይጨምራል። እኔ ከመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ራሴን በሁለተኛው አገኘሁት።

ሁለቱን ቡችሎች ይዤ በከተማችን ዳር ወዳለ አንድ የእንስሳት መጠለያ ሄድኩ። የምትመራው እህት ቡችሎቹን አገላብጣ ካየች በኋላ፣ “ፓስተር፣ ቦታ የለኝም” አለችኝ። “እነዚህ ገና ጡት አልጣሉም። እናታቸው እርስዎ ቤት አለች፤ እዚያ ይደጉ። ሲጠነክሩ እናስከትባለን፤ ቤትም አብረን እንፈልግላቸዋለን። እናቲቱን ግን ያስመክኗት፤ ያለዚያ በየጊዜው ማዳበሪያ ይዘው ይመጣሉ።” ተቆጣሁ መሰላችሁ? አፈርኩ እንጂ። ሸክሜን እሷ ላይ ጥዬ በንጹሕ ሕሊና ልመለስ ነበር የሄድኩት። እሷ ግን ሸክሙን እንዴት እንደምሸከም አስተማረችኝ። አንዷ ቡችላ ዛሬ የአንዲት የቤተ ክርስቲያናችንን እናት ደጅ ትጠብቃለች፤ ሌላዋ እኛው ጋ ቀረች።

አሁን አንድ ወንድም እንዲህ ሲል ይሰማኛል፦ “ፓስተር፣ ሰው እየተራበ ስለ ውሻ ታወራለህ?” ጥያቄው ትክክል ነው፤ ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሯል፤ ክርስቶስም የሞተው ለሰው ነው። ውሻ በመመገብም ማንም አይድንም። ነገር ግን ርኅራኄ እንደ ጤፍ በቁና ተሰፍሮ የሚያልቅ ነገር ነው እንዴ? ዊልያም ዊልበርፎርስን አስቡ። የወንጌል አማኝ ነበር፤ የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1807 የባሪያ ንግድን በሕግ እንዲከለክል ለዓመታት ታግሏል። ይኸው ሰው በ1824 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነበር። ማኅበሩን ለማቋቋም ሰዎቹን የሰበሰበው ቄስ አርተር ብሩም ነው፤ በማኅበሩ ዕዳ ምክንያትም በ1826 እስር ቤት ገብቷል። በ1860 ደግሞ ሜሪ ቲልቢ የምትባል ሴት ለጠፉና ለተራቡ ውሾች መጠለያ ስትከፍት ጋዜጣ ሳይቀር አፌዘባት። መጠለያው ግን ዛሬም ባተርሲ በተባለው የለንደን ሰፈር ይሠራል። ለባሪያ የራራ ልብ ለፈረስም ይራራል፤ ለፈረስ የጨከነ ልብ ግን ለዘበኛውም እንደማይራራ ከራሴ አይቻለሁ።

ቃሉስ ምን ይላል? በዘጸአት 23፥5 የጠላትህ አህያ እንኳ ከጭነቱ ሥር ወድቆ ብታየው አልፈህ እንዳትሄድ ታዘሃል። በዮናስ 4፥11 እግዚአብሔር ለነነዌ የራራበትን ምክንያት ሲናገር ከ120,000 በላይ ሰዎችን ይጠቅሳል፤ እንስሶቿንም አይረሳም። በሉቃስ 16 አልዓዛር በባለጠጋው ደጅ ሲወድቅ የተጠጉት ውሾች ነበሩ።

ጉዳዩ ለልጆቻችንም ሕይወት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ቢከተቡ ግን መተላለፉ ይቆማል። ስለዚህ ውሾችን የሚያስከትብ መጠለያ የእናንተንም ልጅ እየጠበቀ ነው። ልጃችሁን ውሻ ቢነክሰው ጸልዩ፤ እየጸለያችሁ ግን ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ጸሎትና ክትባት አይጣሉም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ውሻ የምትፈልጉ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት መጠለያ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሴት ናት ብላችሁ አትለፏት፤ ከመከነች አትወልድባችሁም። ሁለተኛ፣ የወሰዳችሁትን አስከትቡ፤ ንጹሕ ውኃና ጥላ አይጉደልበት፤ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት አትሰሩት። የተረፈ ወጥ ከሰጣችሁም ተጠንቀቁ፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፤ የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀቱን ይወጋል። ሦስተኛ፣ ቦታ ከሌላችሁ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ሩዝ፣ የክትባት ገንዘብ ወይም የቅዳሜ ጠዋት ጉልበታችሁን ስጡ። የወጣቶች ኅብረቶች፣ አንድ ቀን ሄዳችሁ ግቢውን ብታጸዱ ምን ይላችኋል? አራተኛ፣ መጠለያን ሸክም መጣያ አታድርጉት። ይህን የምለው ሞክሬው ነው።

ልጨርስ። ሕዝቅኤል 16 ስለ አንዲት ሕፃን ይናገራል። በተወለደችበት ቀን ማንም አልራራላትም፤ አላጠቧትም፤ ሜዳ ላይ ጣሏት። እግዚአብሔር ግን በዚያ ሲያልፍ በደሟ ተነክራ አያት፤ በሕይወት እንድትኖርም ተናገረላት። ወገኔ፣ ያቺ የተጣለች አንተ ነህ፤ አንቺ ነሽ፤ እኔ ነኝ። ማንም ሳይፈልገን እርሱ ፈለገን። ማዳበሪያው ተፈትቶ የወጣ ሰው ሌላውን አስሮ ሊጥል አይችልም። ገና ጌታን ያልተቀበልክ ከሆነ ዛሬ በዚያ በኩል እያለፈ ነው፤ ጥራው።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ በሰው እጅ ያስደረግነውን ጭካኔ ይቅር በለን። የፈጠርኸውን ሁሉ እንደ አደራ እንድንይዝ ልብ ስጠን። ከግቢያችን ጀምር። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።