ኦክቶበር 1968፦ የአንድ ወር ዜና
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው ኦክቶበር 1968 በተባለው በአንድ ወር ውስጥ በዓለም ላይ የደረሱትን አንዳንድ ድርጊቶች ነው። ወሩ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 21 ቀን 1961 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ስለሆነ፣ ለእኛ አንድ ወር ሳይሆን የሁለት ወሮች ቁራጭ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ቀኑንም ዓመቱንም የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የወሩን ዜና በቀን ቅደም ተከተል መደርደር ቀላል ሥራ ነው። በ3ኛው ቀን በፔሩ ጄኔራል ኹዋን ቬላስኮ አልቫራዶ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ፤ በ11ኛው ቀን አፖሎ 7 ሦስት ሰዎች ይዛ ወደ ጠፈር መጠቀች፤ በማግሥቱ ኢኳቶሪያል ጊኒ ከስፔን አገዛዝ ነፃ ወጣች፤ በ31ኛው ቀን ፕሬዚዳንት ጆንሰን በሰሜን ቬትናም ላይ የሚካሄደው ድብደባ እንደሚቆም አስታወቁ። በዚሁ ወር በቢያፍራ ሕፃናት በረሃብ ይረግፉ ነበር። ረሃብ ግን የተወሰነ ቀን ስለሌለው በእንዲህ ያለው ዝርዝር ውስጥ ቦታ አያገኝም።

አንዳንድ ቀን ደግሞ ሁለት ዜና ይሸከማል። በ16ኛው ቀን በፕራግ የሶቪየት ጦር በቼኮስሎቫኪያ ምድር እንዲቆይ የሚፈቅድ ውል ተፈረመ፤ በዚያው ዕለት በሜክሲኮ ከተማ ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ በሽልማቱ ሰገነት ላይ ያለ ጫማ ቆመው ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ዓለም የሚያስታውሰው ሁለተኛውን ነው፤ ፎቶግራፍ አለውና። በ20ኛው ቀን አበበ ቢቂላ በሕመም ምክንያት ውድድሩን ሲያቋርጥ፣ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ፈጽሞ ለኢትዮጵያ በተከታታይ ሦስተኛውን የማራቶን ወርቅ አስገኘ። በዚያው ዕለት የሟቹ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ባለቤት የግሪኩን የመርከብ ባለጸጋ ኦናሲስን አገቡ። የትኛው ዜና በስንት አገር የፊት ገጽ ላይ እንደ ወጣ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ይሁን እንጂ ከወሩ ሁሉ ከአእምሮዬ የማይወጣው የ2ኛው ቀን ነገር ነው። ኦሎምፒኩ ሊከፈት ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ በዚያው በሜክሲኮ ከተማ፣ ትላቴሎልኮ በተባለው ሠፈር፣ ተማሪዎች «የሦስቱ ባህሎች አደባባይ» ላይ ተሰብስበው ሳለ ተኩስ ተከፈተባቸው። ወታደሮች አደባባዩን ከብበው ነበር፤ ሲቪል የለበሱ የኦሊምፒያ ሻለቃ አባላት ደግሞ እርስ በርስ እንዲተዋወቁ በግራ እጃቸው ነጭ ጓንት አጥልቀው ወይም ነጭ መሐረብ ጠምጥመው ነበር። መንግሥት ተኩሱን የጀመሩት በተማሪዎቹ መካከል የነበሩ ታጣቂዎች ናቸው አለ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የወጡ የጦር ሠራዊት ሰነዶች ግን የፕሬዚዳንቱ የጥበቃ ክፍል ተኳሾች በዙሪያው ባሉት ሕንፃዎች ውስጥ ተመድበው እንደ ነበር ያመለክታሉ።

በአደባባዩ ጋዜጠኛ አልጠፋም። ኢጣሊያዊቷ ኦሪያና ፋላቺ እዚያው በጥይት ቆስላለች። ዓለም ፈጽሞ አልሰማም ማለት አይቻልም፤ ሰምቶ ወደ ስታዲየሙ ዞረ ማለት ይቀላል። ጨዋታው በቀኑ ተከፈተ፤ የሰላም ርግብ ሥዕልም ከተማውን አስጌጠ። በዚያ ስታዲየም ያሸነፉት ሰዎች፣ የእኛም ማሞ ጭምር፣ በዚህ በደል የለባቸውም። እኔ የምጠይቀው የሞቱት ስንት ናቸው የሚለው ጥያቄ በወሬ ጠባቂዎቹ በእኛ ሙያ ሰዎች ዘንድ ለምን ያን ያህል ቶሎ እንደ ቀዘቀዘ ነው።

ጥያቄውን ያልተዉት ጥቂቶች ነበሩ። ሜክሲኳዊቷ ጋዜጠኛ ኤሌና ፖኒያቶቭስካ የምስክሮችን ቃል ሰብስባ በ1971 በመጽሐፍ አወጣች። በጊዜው የአገር ግዛት ሚኒስትር የነበሩትና በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሉዊስ ኤቼቬሪያ በ2006 በቁም እስር እንዲቆዩ ተደረገ፤ በ2009 ከክሱ ነፃ ወጡ፤ በ2022 በመቶ ዓመታቸው አረፉ። ቁጥሩ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ አንዳንዱ በመቶ ይቆጥራል። በ1993 በአደባባዩ የቆመው የመታሰቢያ ድንጋይ ሃያ ሟቾችን በስም ይጠራና ስማቸው ያልታወቀ ሌሎችም እንዳሉ ይናገራል። በ2006 መዛግብት የመረመሩ ተመራማሪዎች በሰነድ ያረጋገጡት 44 ሟቾችን ነው፤ ከእነዚህ 34ቱ ስም አላቸው፤ ዐሥሩ የላቸውም።