ልጃችን ከመሄዱ በፊት እንምከር

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)







በበዓላችን ስለ ቡና ዋጋ ብዙ እንነጋገራለን። እኔ ግን ነገ ቡናውን ማን እንደሚለቅመው ጥቂት ለማለት እወዳለሁ። ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ ጅማ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ አልፎም ወደ አረብ አገር ለመሄድ የተነሱ ልጆች በየቀበሌው አሉን።

መሄድ ነውር አይደለም። ርቆ ሠርቶ ቤተሰቡን የረዳ ልጅ አለ። ጉዳቱ ሳይመከርበት ሲኬድ ነው። አንዳንድ አባት ደላላ የጠየቀውን ለመሙላት በሬውን ይሸጣል፤ ያልተለቀመ ቡናውን ቀብድ ይበላበታል። ለቀማ ሲደርስ ልጁም የለ፣ በሬውም የለ፣ ቡናውም የሰው ነው። በ2006 ዓ.ም ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ዜጎቻችን ሲመለሱ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን እንደነበሩ አንረሳም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ላሳስብ።

አንደኛ፣ ሕጉን እንወቅ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት በሕጋዊ መንገድ ለሚሄድ ሠራተኛ የመግቢያ ቪዛውንና የደርሶ መልስ መጓጓዣውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ደላላ ለዚህ ገንዘብ ከጠየቃችሁ በሬ ከመሸጣችሁ በፊት የወረዳውን ጽህፈት ቤት ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ልጅ በቤቱ የራሱ ነገር ይኑረው። ቡና ሲለቅምና ሲያደርቅ ከርሞ ለጫማ መግዣ አባቱን የሚለምን ጎልማሳ መንገድ ቢያምረው አይፈረድበትም። ጥቂት የቡና እግር፣ ሁለት ሦስት ቀፎ፣ ከጥላው ሥር የኮረሪማ መደብ ይለይለት፤ ሽያጩም በእጁ ይግባ። ለሴት ልጃችንም እንዲሁ።

ሦስተኛ፣ ትምህርታቸው እዚሁ ይሥራ። በአዲዮ የቦንጋ በግ አርቢዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው በማህበር ዝርያ ያሻሽላሉ። የግልገሉ ልደት፣ የወላጆቹ መለያና ክብደቱ በመዝገብ ይያዛል፤ የተሻለው አውራ በግ ተመርጦ ለአባላት በጋራ ያገለግላል። ይህ የሚጽፍና የሚያሰላ ሰው ይፈልጋል። የእኛም የቀይ ቡና ርክክብ፣ ሚዛንና የማድረቂያ አልጋ መዝገብ አለው። ለተማሩ ልጆቻችን እንስጣቸው፤ ማህበራቱም ተገቢውን ክፍያ ያስቡላቸው። አመራሮችም በዚህ አግዙን።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ልጁ «እሄዳለሁ» ቢል መርቀን እንሸኘው። ቡናውንና ቀፎውን ግን እየጠበቅን እናቆየው። ቢቀናው ገንዘቡን የሚያውልበት፣ ባይቀናው የሚመለስበት ይሆነዋል።